ሰርጉ ቢራዘም ቀብዱ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ለኛ ለሰርግ አሰናጆች የሥራ ሰሞን ነው። ይህ ጥያቄና መልስ በተጻፈበት በ2012 ዓ.ም. ግን መጋቢት 30 ቀን በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። አዲስ አበባ ያሉ ሙሽሮች ስልኬን ማረፊያ ስላሳጡት ጥያቄያችሁን አንድ ላይ አምጡት ብዬ ነበር። መልሱ ይኸው። ጠበቃ ግን አይደለሁም፤ ብሩ ከበድ ካለ ባለሙያ አማክሩ።

ጥያቄ፦ ሰርጋችን ሚያዝያ 18 ነበር። አዳራሹ «ቀብድ አይመለስም» አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁሌም አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ቀብድ የሰጠው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እናንተ ግን ውሉን አልተዋችሁም፤ ባለአዳራሹም አልተወም። ያስቆማችሁ መንግሥት ነው። አንቀጽ 1793 የመንግሥት ክልከላን ከአቅም በላይ ከሚባሉት ምክንያቶች መካከል ይጠቅሳል። ስለዚህ እሱን እጥፍ ክፈል ማለት አያስኬድም፤ የናንተም ቀብድ ዝም ብሎ አይበላም። ውላችሁ ላይ ስለዚህ ጉዳይ የተለየ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ግን መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

አደራ፣ ተናዳችሁ «ሰርዘነዋል» የሚል መልእክት እንዳትልኩ። ነገ እናንተ እንደተዋችሁት ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። «በአዋጁ ምክንያት በቀኑ አልተቻለም፤ ወደ ሌላ ቀን እናዛውረው» በሉ። ከተስማማችሁ ወረቀት ይጻፍ፤ አዲሱ ቀን፣ ዋጋው እንደማይጨምር፣ የተከፈለው ቀብድ እንደሚታሰብላችሁ ይግባበት። ሰው ሁሉ የሚረሳው ደግሞ፣ ያ ቀን ሲደርስም ክልከላው ካልተነሳ ምን እንደሚደረግ ነው። እሱንም ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ።

ጥያቄ፦ ከዲጄውና ከካሜራ ባለሙያው ጋር በቃል ብቻ ነው የተስማማነው። አለቀልን?

መልስ፦ ኧረ አላለቀም። እንዲህ ላለ ሥራ የቃል ውልም ውል ነው፤ ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። የባንክ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ የቴሌግራሙን ጽሑፍ አታጥፉ። ዛሬውኑ «ለሰርጉ ቀረጻ ይህን ያህል ብር ከፍዬሃለሁ፣ ልክ ነው?» ብላችሁ ጻፉለት። «አዎ» ካለ በቂ መነሻ አላችሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ «30 ሰው ቤት ጠርተን እንገላገል» ይላሉ።

መልስ፦ አይሆንም። ቤት ስለሆነ በሽታው አይቀርም፤ አዋጁም አለ። ቃል ኪዳኑን አሁን ፈጽሞ ድግሱን ማቆየት ይቻላል። ብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወገን ሁለት ሁለት ምስክር ይፈልጋል። ከሙሽሮቹ ጋር 6 ሰው መሆኑ ነው፤ ከተፈቀደው 4 ሰው ይበልጣል። እንዴት እያስተናገዱ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወደ መቼ እናዛውረው? እህቴም የምትመጣው ከአሜሪካ ነው።

መልስ፦ አዋጁ የ5 ወር ስለሆነ ሐምሌንና ነሐሴን እርሱት፤ ክረምትም ነው። ለኦርቶዶክሶች ጥሩው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት እስኪገባ ያለው ነው፤ ካልሆነ ከጥምቀት በኋላ። ሰው ሁሉ ጥርን ስለሚል እሑድ ማግኘት ፈተና ይሆናል። ቅዳሜን ወይም ሐሙስን አትናቁ። ቀን ቆርጣችሁ ከመደወል ይልቅ ሦስት አማራጭ ይዛችሁ ለአዳራሹ፣ ለዲኮሩ፣ ለቬሎ ቤቱ፣ ለሁሉም ደውሉ። ለእህትሽም፣ በዚህ በ2012 የኮሮና ወቅት ከውጭ የሚገባ ሰው 14 ቀን ለይቶ ማቆያ ይገባል። ያ እስኪነሳ ትኬት አትቁረጥ።

ጥያቄ፦ የጥሪ ካርዱ ታትሟል።

መልስ፦ ለተጠሩት ሰዎች ደውሉ። ድጋሚ ማሳተም ብር ማቃጠል ነው።

ጥያቄ፦ ሰንጋው ተገዝቷል፣ ጠጁም ተጥሏል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጠጁ ሲደርስ በደንብ ጠልሉትና ጥሩ አድርጋችሁ አሽጉት፤ ይቆያል። ጠላ ግን ስለማይቆይ እንዳትጠነስሱ፤ ጌሾውና ብቅሉ ደረቅ ነውና ይቀመጥ። በርበሬውና የተነጠረው ቅቤም ችግር የለባቸውም። ሰንጋውን ግን ጥር ድረስ ስትቀልቡት ዋጋውን ይበላዋል። ለሰፈር ቅርጫ ሽጡት። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም ሥጋ ይበላል፤ ገዢ አታጡም።