የድሮው ኢሜይል ከመዘጋቱ በፊት

ውድ ልጆች፣

በቅርቡ የተመረቀች አንዲት ልጅ «የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ተዘጋብኝ፤ ሊንክድኢንም የስኮላርሺፕ ማመልከቻዬም በእሱ ነው የተከፈቱት፤ ምን ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን እመለስበታለሁ። ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን የዲቪን ዘመን ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ ዲቪ የሚሞላው ኢንተርኔት ቤት ነበር። ፎርሙ የኢሜይል አድራሻ ይጠይቃል፤ አብዛኛው ሞይ ደግሞ ኢሜይል የለውም። ስለዚህ የቤቱ ሠራተኛ የራሱን ያስገባል፣ ወይም እዚያው በአንድ ደቂቃ ያሁ ይከፍትለታል፤ ፓስወርዱን ማንም አይጽፈውም። ሞይው ይዞ የሚሄደው የማረጋገጫ ቁጥሩ የታተመባትን ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቷ ትጠፋለች፤ በኪስ ታጥባለች፤ ቤት ሲቀየር ትጣላለች። ውጤቱ በፈረንጆቹ ሜይ ሲወጣ «ደርሶሃል» የሚል ደብዳቤም ኢሜይልም አይላክም፤ ራስህ ገጹ ላይ ገብተህ በዚያ ቁጥር ማየት አለብህ።

ቁጥር ለጠፋበት ሰው መፈለጊያ መኖሩን ብዙዎች አያውቁም ነበር። የሚጠይቀው የዲቪውን ዓመት፣ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ሲሞላ የተሰጠውን ኢሜይል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ኢሜይሉን የሚያውቀው ግን ያ ሠራተኛ ብቻ ነው። እሱም ሥራ ቀይሯል፤ ኢንተርኔት ቤቱም የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ የሚያስታውስ አልነበረም። ውጤት ማያው በተከታዩ ዓመት ሴፕቴምበር 30 ይዘጋል። ዕጣው ደርሶት ሳያውቅ ቀኑ ያለፈበት ሰው እንዳለ አልጠራጠርም፤ ስንት እንደሆነ የሚቆጥረው ግን የለም። ያን ሁሉ ያስቀረው በራስ ስም ያልተያዘ አንድ የኢሜይል አድራሻ ነው።

ያሁ ደግሞ የራሱን ጣጣ ጨመረ። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለ12 ወር ያልተከፈቱ አድራሻዎችን ለአዲስ ጠያቂዎች መስጠት ጀመረ። አዲሶቹ ባለቤቶች የቀድሞዎቹ ሰዎች ደብዳቤ ይደርሳቸው ጀመር። ነገሩን አስቡት፦ ፌስቡካችሁ በዚያ አድራሻ ከተከፈተ፣ «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን የተጫነ ሁሉ ኮዱ ወደማታውቁት ሰው ሳጥን ይሄዳል። ፌስቡክና ያሁ ተባብረው ላኪው «ይህ አድራሻ ከዚህ ቀን ጀምሮ ባለቤቱ አልተቀየረም?» ብሎ የሚጠይቅበትን ዘዴ አበጁ፤ የሚሠራው ግን ዘዴውን በተቀበሉ ድርጅቶች ዘንድ ብቻ ነው። ጂሜይል የተሰረዘን አድራሻ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ይሰርዛል ግን። ከዲሴምበር 2023 ወዲህ ጉግል 2 ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ከነፎቶው ሊያጠፋ ይችላል። የአውትሉክ ሳጥን 1 ዓመት፣ የያሁ 12 ወር ካልተከፈተ ደብዳቤው ይጠፋል።

አሁን ወደ ተመራቂዋ። ሊንክድኢን ስልክሽ ላይ ክፍት ከሆነ ሎግአውት እንዳትይ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አዲስ ኢሜይል ጨምሪ፣ በሚላክልሽ ኮድ አረጋግጪ፣ ከዚያ ዋና አድርጊው፤ አሮጌውን የምትሰርዢው በመጨረሻ ነው። ፓስወርድ ስለሚጠይቅሽ አስቀድመሽ አስታውሺው። ለስኮላርሺፑ ወደ ዩኒቨርሲቲው አይሲቲ ክፍል በአካል ሂጂና ሳጥኑን ለጥቂት ቀን እንዲከፍቱልሽ ለምኚ፤ አድራሻው የእነሱ ነው፣ ከፈለጉ ይችላሉ። ገና ያልተመረቃችሁ ዛሬውኑ ሳጥናችሁ ውስጥ «ዌልካም»፣ «ቬሪፋይ» እና «ሪሴት» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ፈልጉ፤ በዚያ አድራሻ የከፈታችሁት ነገር አብዛኛው ይወጣላችኋል።

ጂሜይል የተዘጋበት ሰው የጉግልን የአካውንት መልሶ ማግኛ ገጽ ሁልጊዜ በሚጠቀምበት ስልክና ሁልጊዜ በሚገባበት ቦታ ሆኖ ይሞክር። ጉግል የሚመዝነው ማስረጃን ነው፤ ከአዲስ ስልክና ከሌላ ከተማ የሚመጣን ጥያቄ ይጠራጠራል። የድሮ ፓስወርድ ሲጠይቅ ባዶ ከመተው የምታስታውሱትን የመጨረሻውን ጻፉ። ደጋግማችሁ አትነካኩት፤ ከልክ ካለፈ ለጊዜው ያግዳችኋል። በቴሌግራም «አካውንት እናስመልሳለን» የሚሉትን አትመኑ፤ የሚጠይቋችሁ ኮድ ራሱ መዝረፊያው ነው።

የዛሬ ልጆች ሲም እንደ ካልሲ ትቀይራላችሁ፤ ይህን አልወደውም። ያልተሞላ ቁጥር ውሎ አድሮ ለሌላ ይሰጣል፤ ኮዳችሁም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በስልክ ቁጥር ብቻ አትተማመኑ። ይህን እያልሁም ቁጥር መመዝገባችሁን አልቃወምም፤ ከምንም ይሻላል። ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት አካውንታችሁ ላይ የተመዘገበውን ቁጥር ካልቀየራችሁ፣ ኮዱ አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ በቀረው ሲም ላይ ይገባል።

ኦተንቲኬተር፣ ማለትም ስልካችሁ ላይ ራሱ የመግቢያ ኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ፣ ይሻላል፤ ስድስት አሃዙ ኮድ በየ30 ሴኮንዱ ይቀየራል። የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነውና ሰዓቱን በእጅ ወደ ሀበሻ አቆጣጠር 6 ሰዓት ያዞረ ሰው ኮዱ አልሠራ ቢለው አይግረመው። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ ይመልሰው። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፦ አካውንት ሲከፈት በእኛ አቆጣጠር የገባ ዓመት፣ መታወቂያ ሲጠየቅ ከፓስፖርቱ 7 ወይም 8 ዓመት ይለያል። ገና ሲከፈት በፓስፖርቱ አቆጣጠርና በፓስፖርቱ ፊደል አስገቡት።

ጉግል 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ናቸው፣ አንዴ ብቻ ይሠራሉ። ሁለተኛውን የማረጋገጫ ደረጃ (ከፓስወርድ በኋላ ኮድ የሚጠይቀውን) ያበራችሁ በወረቀት አትሟቸውና ከዲፕሎማችሁ ጋር አስቀምጡ። ስክሪንሹት አንስታችሁ እዚያው ጉግል ፎቶ ላይ አታኑሩ፤ አካውንቱ ሲዘጋ ኮዱም አብሮ ይዘጋል። ሁለት ኢሜይሎችን አንዱን የሌላው መጠባበቂያ አድርጎ መተውም ያው ነው፤ ሁለቱም በአንድ የጠፋ ስልክ ላይ ከነበሩ የሚከፍታቸው አይኖርም። ከሁለቱ ለአንዱ መጠባበቂያ የእህታችሁን ወይም የወንድማችሁን አድራሻ ስጡ፣ እነሱም ሳጥናቸውን አልፎ አልፎ እንደሚከፍቱ ጠይቃችሁ አረጋግጡ።