የትኛውን ሳቅ ነው የሰማችሁት?

ልጆቼ፣

ስታንድአፕ የምትሞክሩ፣ አጭር ኮሜዲ የምትሠሩ፣ ስልካችሁ ፊት ቆማችሁ ሰው ለማሳቅ የምትለፉ ልጆች ሁሌ አንድ ጥያቄ ታመጡልኛላችሁ። «ጋሼ፣ ሰው አልሳቀልኝም፤ ምን ላድርግ?» እኔ ደግሞ «ሲስቅላችሁስ በምን እንደሳቀ ታውቃላችሁ ወይ?» ብዬ እመልሳለሁ። አብዛኞቻችሁ ዝም ትላላችሁ። ዕድሜዬን ከመጋረጃ ጀርባ የጨረስኩ ሰው ነኝና ይህ ዝምታ ያሳስበኛል። ስለዚህ ዛሬ ራቅ ብዬ ስለ አሜሪካ ቮድቪል ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቮድቪል ከ1880ዎቹ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ሕዝብ መዝናኛ ነበር። በአንድ ምሽት ስምንት ዘጠኝ ትርኢት ይቀርባል። አክሮባት፣ ዘፋኝ፣ ኮሜዲያን፣ የሠለጠነ ውሻ፣ አስማተኛ። ቅደም ተከተሉ በተመልካቹ ባሕርይ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው ገና እየገባ፣ ወንበር እየፈለገ ስለሚንጫጫ ንግግር የሌለው ትርኢት ይቀድማል፤ አክሮባት ወይም እንስሳ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰው ካፖርቱን እየደረበ ይወጣል። ስለዚህ የምሽቱ ትልቅ ስም የሚወጣው ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ ነው። መዝጊያው ላይ የተመደበ ምስኪን ለተመልካቹ ጀርባ ይሠራል።

ተመልካቹም ቢሆን ድሮ ሌላ ነበር። ቢራ የሚጠጣ፣ የሚያጨስ፣ የሚሳደብ የወንዶች ጭፍራ። በ1881 ቶኒ ፓስተር የሚባል ሰው ኒውዮርክ ውስጥ ሴቶችና ቤተሰብ የሚገቡበት ጨዋ ትርኢት ጀመረ። ሰው እንዲመጣለት የድንጋይ ከሰልና የአሳማ ሥጋ ሳይቀር ይሸልም ነበር። ቦስተን ላይ ሥራ የጀመረው ኪት የሚባል የቲያትር ነጋዴ ደግሞ ይህን ወደ ትልቅ ንግድ ለወጠው። አርቲስቱ መድረክ ላይ እንዳይሳደብ ከለከለ። ተመልካቹ ደግሞ እንዳያፏጭ፣ ወለል እንዳይደበድብ፣ ሴቶች ባርኔጣቸውን እንዲያወልቁ በአስተናጋጆቹ በኩል ያሳስባል። ተመልካችም ይሠለጥናል ማለት ነው፤ ይህን የኛ አዳራሾች ቢሰሙት ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። በኪት ድርጅት ውስጥ የየቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሰኞ የመጀመሪያውን ትርኢት አይቶ ለዋናው ቢሮ ሪፖርት ይጽፋል። ማን ወጣ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ሰዉ እንዴት ተቀበለው። ዛሬ እነዚህ ሪፖርቶች በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል። አስቡት፣ አንድ ቡድን በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ሲዞር ከኋላው ወረቀት ይከተለዋል። ቦስተን የሳቀበትን ሌላ ከተማ በዝምታ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ነውር የመሰለ ቀልድ ከተገኘ ለቀጣዩ ትርኢት ይቆረጣል። የእናንተስ ወረቀት የታለ? ቪዲዮው ሥር «ሃሃሃ» ብሎ የጻፈ ሰው የት ቦታ ላይ እንደሳቀ አልነገራችሁም።

ጆርጅ በርንስና ግሬሲ አለን የሚባሉትን ጥንድ ኮሜዲያን ውሰዱ። በ1920ዎቹ አብረው ሲጀምሩ ሚናውን ያከፋፈለው በርንስ ነው። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ የሚያስቀውን መልስ ይሰጣል። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ሰዉ የሚስቀው በእሷ ጥያቄ ሆነ። እሱ የለፋበት መልስ ሲመጣ አዳራሹ ጭጭ። በርንስ ምን አደረገ? ተገለበጠ። ቀልዱን ሁሉ ለእሷ ሰጥቶ እሱ ጠያቂ ሆነ፤ ሲጋሩን ይዞ ማዳመጥ። በኋላ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም የገቡት በዚሁ አከፋፈል ነው። እሱ ራሱ እስከ መቶ ዓመቱ ኖሮ ይህን ታሪክ ሲያወራው ኖሯል። ስንቱ የኛ ኮሜዲያን ነው ከጎኑ ያለችው ልጅ ስታስቅ አይቶ ቀልዱን የሚሰጣት? እኔ የማውቀው ድርሻዋን የሚቀንስባትን ነው።

የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያኑ በስተር ኪተንም ገና ሕፃን ሳለ መድረክ ላይ አባቱ እንደ ዕቃ ይወረውረው ነበር። ልጁ ራሱ ሲስቅ ሰዉ እንደማይስቅ፣ ፊቱን ሲያኮሳትር ግን አዳራሹ እንደሚፈርስ ያኔ ደረሰበት። በኋላ ፊልም ላይ ያየነው ያ የማይስቅ ፊት ከዚያ የመጣ ነው።

ግን ቆይ፣ ሳቅ ሁሉ ምርቃት አይደለም። ከአይዋ ግዛት የመጡ ቼሪ እህትማማቾች የሚባሉ የመድረክ ተጫዋቾች ነበሩ። በ1896 ሐመርስታይን የሚባል የቲያትር ቤት ባለቤት ኒውዮርክ ወዳለው ኦሊምፒያ ቲያትሩ ያመጣቸው መጥፎ መሆናቸውን አውቆ ነው። አዳራሹ ሞላ። ሰዉ ጮኸ፣ አትክልት ወረወረ፣ በሳቅ ፈረሰ። ትኬቱ ተሸጧል፣ ስሙም ወጥቷል። እነሱ ግን አርቲስት ነን ብለው ነበር የመጡት። በኋላ አንድ ጋዜጣ ቢያላግጥባቸው ከሰሱ፤ በ1901 የአይዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሕዝብ የቀረበ ትርኢት ይተቻል ብሎ ለጋዜጣው ፈረደ። ሕጉ ልክ ነው፤ እኔ ግን ለእህትማማቾቹ አዝናለሁ። ዛሬ ቫይራል ወጣሁ ብላችሁ ስትደውሉልኝ አንዳንዴ እነሱ ትዝ ይሉኛል፤ አልነግራችሁም እንጂ።

ከሁሉም የሚከብደው የበርት ዊሊያምስ ነው። ባሃማስ የተወለደ ጥቁር ኮሜዲያን። ቆዳው ቀላ ያለ ስለነበር የዘመኑ ነጭ ተመልካች የለመደውን «ጥቁር» ለመምሰል ፊቱን በከሰለ ቡሽ ያጠቁር ነበር። በ1906፣ አድዋ ገና አሥር ዓመቱ ሳለ፣ ከባልደረባው ጆርጅ ዎከር ጋር «አቢሲኒያ» የሚል ሙዚቃዊ ቲያትር ኒውዮርክ ላይ አወጡ። ሎተሪ የደረሰው ጥቁር አሜሪካዊ ወዳጆቹን ይዞ ወደ እኛ አገር ይመጣል፤ አፄ ምኒልክም በመድረኩ ላይ አሉ። በዚያ ዘመን በብዙ ቲያትር ቤቶች ጥቁር ተመልካች ላይኛው ሰገነት ላይ ብቻ ነበር የሚቀመጠው። ላይ ያለውም ታች ያለውም በአንድ ቀልድ ይስቃል። የሳቁበት ምክንያት ግን አንድ ነበር ብዬ አላምንም። ታች ያለው ፊቱ ላይ በተቀባው ሲስቅ፣ ላይ ያለው ከቀለሙ ሥር ባለው ብልህ ሰው ሳይስቅ አልቀረም።

እናንተም የገጠር ሰው ዘዬ እያስመሰላችሁ፣ የአንዱን ብሔር አነጋገር እየቀዳችሁ አዳራሽ ታፈርሳላችሁ። እንዳትሠሩት አልልም፤ እኔም ስቄበታለሁ። ግን ያንኑ ቀልድ ዘዬው የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ፊት ለፊት በተቀመጡበት አዳራሽ አንድ ቀን አቅርቡት። ስልካችሁን መድረኩ ላይ ሳይሆን ተመልካቹ ላይ ደግናችሁ ቅረጹ። ማን ቀድሞ ሳቀ፣ ማን ጎረቤቱን አይቶ ሳቀ፣ ማን አንገቱን ደፋ፣ በየደቂቃው ጻፉት። ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ።