መልስ፦ ግድግዳ ተደግፌ፣ ጉልበቴን አጥፌ 2 ደቂቃ እየቆየሁ ቁጭ ብድግ ላይ ጉልበቴ ለምን ይከዳኛል?

ጉልበትዎ የሚከዳዎት ስላልበረቱ ሳይሆን የበረቱት በያዙት ማዕዘን አካባቢ ብቻ ስለሆነ ነው። እንደ ግድግዳ መደገፉ ባለ በአንድ ቦታ ጸንተው በሚቆዩበት (አይሶሜትሪክ) ልምምድ መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ጡንቻው ስለሚወጠር፣ ጉልበትዎን 90 ዲግሪ አጥፈው ያገኙት ጥንካሬ ከዚያ ቦታ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ካለፈ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል፤ እርስዎ የሚቸገሩበት የቁጭ ብድግ ታችኛው ክፍል ደግሞ ከዚያ ውጪ ነው። ስለዚህ ደቂቃውን ወደ 3 ማሳደግ አይጠቅምዎትም።

ይልቁንስ የበሩን መቃን ይዘው፣ ተረከዝዎን ሳያነሡ እስከቻሉት ድረስ ዝቅ ይበሉ፤ ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብለው፣ እጅዎን ከመቃኑ አላልተው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይቆዩ። ይህን 4 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን ይሥሩት። ጡንቻው በተለጠጠበት ቦታ የሚገኝ ጥንካሬ ወደ ሌሎቹ ማዕዘኖችም የተሻለ ይሻገራል። ጉልበትዎን የሚወጋ ሕመም ከተሰማዎት ግን ከፍ ይበሉ።

ትንፋሽዎን ፈጽሞ አይያዙ። አሠልጣኝነት በጀመርኩበት ሰሞን ሰዓቱን እንጂ የሠልጣኙን ፊት አላይም ነበር፤ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ አንድ ሠልጣኜ ጥርሳቸውን ነክሰው ትንፋሻቸውን አፍነው ቆይተው ሲነሡ ዐይናቸው ጨልሞባቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። ትንፋሽ ታፍኖ ሲወጠሩ የደም ግፊት በአንድ ጊዜ ያሻቅባል፤ ሲለቁት ደግሞ በድንገት ይወርዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሠልጣኞቼን ሁሉ ሰከንዱን ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ማፈን አይችልምና። የደም ግፊት ካለብዎት ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።