የፓስ-3 ማሞቂያ ከመነሻውም ዲሲ ነው

ወንድሜ፣ ዳይናኮ ፓስ-3 ፕሪአምፕሊፋየርህ (ደካማውን ድምፅ ለአምፕሊፋየሩ የሚያዘጋጀው ዕቃ) ሸክላ ስታጫውት ስለሚያጉረመርም የቲዩቦቹን ማሞቂያ (በየመስታወት ቲዩቡ ውስጥ የሚግለውን ሽቦ) ከኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ወደ ዲሲ (አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ) ልቀይረው ወይ ብለሃል። የሚቀየር ነገር የለም። የዚህ ዕቃ አራቱም 12ኤኤክስ7 ቲዩቦች ከመነሻው የሚሞቁት በዲሲ ነው። ጥያቄው ያ ዲሲ ዛሬም ንጹሕ ነው ወይ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ማጫወቻውን ንቀልና የመግቢያውን መሐልና ዙሪያ በሽቦ አገናኝተህ አዳምጥ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የማጫወቻው ገመድ ወይም የመሬት ሽቦው ነው፤ ሳጥኑን አትክፈት።

ካልጠፋ የምጠረጥረው ሴሊኒየም ሬክቲፋየሩን፣ ማለትም ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን ክፍል ነው። ሲያረጅ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቲዩቦቹም ይደበዝዛሉ። ከተቃጠለ ጭሱ መርዛማ ነው፤ ያን ግም ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ አይረሳውም። እኔ እጄ የገባውን ሁሉ፣ ቢሠራም ባይሠራም፣ አውጥቼ በሲሊኮን ዳዮድ እተካዋለሁ። ከእርሱ ጋር የተያያዙትን ሁለት 2000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮችም (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ዲሲውን የሚያለሰልሱትን) አብሬ በአዲስ እተካለሁ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ደርቀው ዲሲውን ማጥራት ያቅታቸዋል።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ሲሊኮን የሴሊኒየምን ያህል ቮልት ስለማይበላ፣ ካፓሲተሩንም ካተለቅከው፣ የማሞቂያው ቮልት ከፍ ይላል። በቲዩቡ 4ኛና 5ኛ እግር መካከል ለካ፤ ከ12.6 ቮልት ካለፈ ከሬክቲፋየሩ በኋላ ትንሽ ሬዚስተር በተከታታይ ጨምር። አራቱ ቲዩቦች በድምሩ 600 ሚሊአምፔር ስለሚስቡ 1 ኦም 0.6 ቮልት ይቀንስልሃል። ጥቂት ዝቅ ቢል፣ 12 ቮልት ገደማ ቢሆን፣ አልጨነቅም።

ሬጉሌተር (ቮልቱን በአንድ መጠን የሚያጸና ክፍል) አስገባ የሚሉህን አትስማ ባልልም አልቸኩልም። የተለመደው ሬጉሌተር 7812 ከሚያወጣው 12 ቮልት በላይ ወደ 2 ቮልት ትርፍ ይፈልጋል፤ የዚህ ትራንስፎርመር ጠመዝማዛ ያን ያህል ትርፍ ለመስጠት ይቸገራል። ትርፉ ሲያንስ ሬጉሌተሩ ራሱ ጉርምርምታውን ያሳልፋል።

የጊታር አምፕሊፋየሬንስ ማሞቂያ ወደ ዲሲ ልቀይር ወይ ላልከው ለሌላው ጠያቂ ደግሞ፦ የድሮዎቹ ፌንደር አምፕሊፋየሮች በ6.3 ቮልት ኤሲ ይሞቃሉ፤ በቂም ነው። ሽቦዎቹ አጥብቀው የተገመዱ መሆናቸውን እይ፤ ጠመዝማዛው የመሐል መውጫ ከሌለው ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሬት አንዳንድ 100 ኦም ሬዚስተር አገናኝ።

ሁለታችሁም ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ የከፍተኛ ቮልት ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸውን ለኩ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ከዚያ በፓስ-3 ማሞቂያ ላይ ያገኘኸውን የዲሲውንም፣ በላዩ የቀረውን የኤሲ ጉርምርምታም ቮልት ጻፍልኝ።