በፈተና መንቀጥቀጥ የእምነት ማነስ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደሴ የምኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምንፈተነው ኮምቦልቻ ግቢ ገብተን እያደርን ነው። ሞዴል ፈተና ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ያነበብኩት ሁሉ ጠፋኝ። እናቴ «እምነትሽ ስላነሰ ነው» አለችኝ። ካለፍኩ ግሸን ማርያም በእግሬ ልሄድ ተስያለሁ። ፈተናው በሐዋርያት ጾም ስለዋለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም?

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ ከፍቅር ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን አልስማማም። ጭንቀት ሁሉ የእምነት ማነስ ቢሆን ኖሮ የጌታችን ወዝ በጌቴሴማኒ እንደ ደም ነጠብጣብ ባልወረደ ነበር (ሉቃ 22፥44)። ሥጋችን ፈተናንና ጅብን አይለይም፤ ሁለቱንም ሲያይ ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

ኤልያስን ተመልከች። እሳት ከሰማይ ያወረደው ነቢይ ኤልዛቤልን ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ለመነ (1ኛ ነገ 19)። መልአኩ አልገሠጸውም። «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ፣ ኮሬብ ደርሶ ነው። አንቺም በፈተናው ዋዜማ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚና ተኚ፤ ስታነቢ አትደሪ።

ጾሙ እስከ ሐምሌ 4 ነው። ከሥጋና ከወተት መከልከሉ ይቆይ፤ የሰዓቱን ነገር ግን አሁኑኑ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። በእርሳቸው ፈቃድ ጠዋት በሶ ብትቀምሺ ጾም ሻርሽ አያሰኝም።

ስለቱን በተመለከተ «ካለፍኩ» የሚለውን አውጪው። እመቤታችን ነጋዴ አይደለችም። ብታልፊም ባታልፊም መስከረም 21 ሂጂ። (አእምሮ ይከፍታል ብሎ አብሾ የሚባለውን ዕፅ የሚያቀምስሽ ቢመጣ እንዳትነኪ! በአብነት ትምህርት ቤት ዘመናችን ስሙን ስንሰማ ኖረናል፤ መርዝ ነው፣ ሰው ያሳብዳል።)

እኔም ቅኔ ቤት ሳለሁ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ፣ በሰው ፊት ልቀኝ ተነሥቼ ጉልበቴ ከዳኝ። የኔታ አልተቆጡም፤ «ተንፍስና ከመጀመሪያው ቤት ጀምር» አሉኝ። አንቺም ሲጠፋሽ እርሳስሽን አስቀምጪ፣ ቀስ ብለሽ አየር ሳቢ፣ ስታስወጪ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ። ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ የከበደሽን ዝለይና የምታውቂውን ሥሪ።

እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ጸበሉንም ትስጥሽ። የክርስትና ስምሽን ላኪልኝና በቅዳሴ ላስብሽ።