ኮንትራት፣ ኦቨርታይም፣ ቅነሳ፦ ከመኪና መገጣጠሚያ ሠራተኞች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከመኪና መገጣጠሚያ ሠራተኞች የመጡ ናቸው። አዳማ እየኖሩ በሰርቪስ ወደ ሞጆ፣ ቢሾፍቱና ዱከም የሚመላለሱም አሉበት። ከተማችን ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። የድሮው ናዝሬት ትራክተር ፋብሪካ ስንት መካኒክና ስንት በያጅ አውጥቷል። የጠያቂዎቹንም የፋብሪካዎቹንም ስም ትቼዋለሁ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ውል ያስፈርሙናል። አሁንም “ኮንትራት ናችሁ” ነው የሚሉን። ቋሚ የምንሆነው መቼ ነው?» (ከፍራንኮ አካባቢ)

ወንድሜ፣ በሕጉ ዓይን ቋሚ ከሆናችሁ ሳይቆይ አልቀረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። በጊዜ ገድቦ መዋዋል የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። ለምሳሌ በሕመም ወይም በፈቃድ የቀረ ሠራተኛን ለመተካት፣ ድንገት ሥራ ሲበዛ፣ ወይም ሥራው ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ሲሆን። ላይን ላይ ቆሞ በየቀኑ በር መግጠም ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። ፋብሪካው እስካለ ድረስ ያለ ሥራ ነው። የሙከራ ጊዜ ነው እንዳይሏችሁ ደግሞ፣ እሱ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።

የፈረማችሁትን ውል ሁሉ ፎቶ አንሱ። ባጃችሁንና የደመወዝ ስሊፓችሁንም አስቀምጡ። ከዚያ ለብቻ ሳይሆን ተሰባስባችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። 10 ሠራተኛ ካላችሁ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። ውሉን «አላድስም» ብሎ ካሰናበታችሁ ደግሞ ጊዜ አታባክኑ። ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይደረጋል። ብዙ ልጆች «ይደውሉልናል» ብለው ሲጠብቁ ይህ ጊዜ አልፎባቸዋል፤ ያሳዝነኛል።

«አራት ዓመት ጎማ ብቻ ነው የገጠምኩት። አሁን ሁሉም ነገር ኤሌክትሪክ እየሆነ ነው። ሙያዬ ዋጋ ያጣል?»

ስጋትህ ልክ ነው፤ ግን መፍትሔ አለው። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሚታ የለውም። በእነዚህ ላይ የተመሠረተ ሥራ እየቀነሰ መሄዱ አይቀርም። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መሪውና ቦዲው ግን አሉ። የጨመረው ባትሪውና ሽቦው ነው። በብዙዎቹ መኪኖች የባትሪው ቮልቴጅ 300 እና 400 ቮልት ይደርሳል፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። ብርቱካናማ ሽቦ ካየህ ሳትሠለጥን አትንካ። ሰው ይገድላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መሠረታዊውን ተማር፦ መልቲሜትር ማንበብ፣ የሽቦ ንድፍ መከተል፣ ኃይሉን ቆርጦ መጥፋቱን ማረጋገጥ፣ በስካነር ብልሽት ማንበብ። ቀጥሎ ፋብሪካህ መኪናውን የሚያስመጣው እንዴት እንደሆነ እይ። ቦዲው ተበይዶና ተቀብቶ ከመጣ እዚህ የሚቀረው ሥራ ማሰርና ማጥበቅ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በሳምንት ይለመዳል። አሠሪው በቀላሉ ሊተካህ እንደሚችል ስለሚያውቅም ደመወዙ ዝቅ ይላል። ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ከመጣ ግን ብየዳና ቀለም እዚህ ይሠራል። ያኔ ባለሙያ ይፈለጋል። ፎርማንህን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ወደ ብየዳ ወይም ወደ ፍተሻ እንዲያዞርህ ጠይቀው። ቀጥሎ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈተን። የምስክር ወረቀቱ ያንተ ነው፤ ፋብሪካ ስትቀይር አብሮህ ይሄዳል።

በእኔ እምነት የዚህን ሥልጠና ወጪ መሸፈን ያለበት ፋብሪካው ነው። አዲስ ቴክኖሎጂ ያስገባው እሱ ነው። ማኅበር ካላችሁ በኅብረት ስምምነቱ (ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር በሚፈራረመው ውል) ውስጥ አስገቡት።

«ደመወዜ 6,000 ብር ነው። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እናመሻለን፣ እሁድም ይጠሩናል። ለኦቨርታይም በሰዓት 30 ብር ይሰጡናል። ልክ ነው?»

ልክ አይደለም፣ እህቴ። በሳምንት 48 ሰዓት ሲሠራ በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሆናል። 6,000 ለ208 ሲካፈል 29 ብር ገደማ ነው። ይህ የመደበኛ ሰዓት ዋጋሽ ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ኦቨርታይም በ1.5 ይባዛል፤ 43 ብር አካባቢ። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። እሁድ ዕረፍትሽ ከሆነ 58 ብር ገደማ ይገባሻል። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የሠራሽበትን ሰዓት በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ። ያልተከፈለ ኦቨርታይም በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይታገዳል።

ከ6,000ው ላይ 420 ብር (7 በመቶ) ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪሽ 11 በመቶ ይጨምርበታል። በአዲሱ የገቢ ግብር 700 ብር ሲነሳለት 4,880 ይደርስሻል። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ በዚህ መኖር ከባድ ነው። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ካለ ዓመታት አልፈዋል። መንግሥት ይህን ማዘግየቱ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

«አሜሪካ የመኪና ሠራተኞች አድማ መትተው ብዙ አገኙ ይባላል። እኛስ?»

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ማኅበራቸው ዩኤደብሊው በፎርድ፣ በጂኤምና በስቴላንቲስ ላይ በአንድ ጊዜ አድማ ጀመረ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እስከ 2028 የሚዘልቅ የ25 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ አገኙ። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። አዲስ ሠራተኛ ከፍተኛው ደመወዝ ላይ ለመድረስ 8 ዓመት ይፈጅበት ነበር፤ ወደ 3 አወረዱት። ነባሮቹ ለአዲሶቹ ተከራከሩ ማለት ነው። እኛ ጋ ቋሚው ለኮንትራቱ ልጅ ሲከራከር ብዙም አላይም።

አድማ እዚህም መብት ነው፤ ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ለመስማማት መሞከር አለበት። ከማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል። የ10 ቀን ማስጠንቀቂያም ይሰጣል። ይህን ዘሎ ሥራ ማቆም ሊያስባርር ይችላል።

«“ዶላር ስለሌለ ዕቃ አልገባም፣ ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ” ብለው 20 ልጆችን አሰናበቱን። ደብዳቤ የለም። አራት ዓመት ሠርቻለሁ።» (ከፖስታ ቤት)

መጀመሪያ ደብዳቤ ጠይቅ። በቃል «ቆዩ» የሚባል ነገር አትቀበል። ሕጉ የሥራ ውልን ለጊዜው ማገድ ይፈቅዳል፤ በአሠሪው ጥፋት ያልመጣ ያልታሰበ የገንዘብ ችግር አንዱ ምክንያት ነው። ነገር ግን አሠሪው ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ3 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እገዳውም ከ90 ቀን አያልፍም። በከተማችን ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደህ ማሳወቂያው መግባቱን ጠይቅ።

ነገሩ ወደ ቅነሳ ከዞረ ሌላ ሕግ ይመጣል። ለመቆየት ቅድሚያ ያለው የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያለው ነው። በዚህ እኩል ከሆኑ አጭር አገልግሎት ያለው ቀድሞ ይቀነሳል። የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተከታዩ እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። ላንተ 60 ቀን ይሆናል። ለቅነሳ ተጨማሪ 60 ቀን ስላለ በድምሩ የ120 ቀን ደመወዝ ነው። ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ካቀረቡልህ እንዳትፈርም። ከፈረምክ ስለ ቅነሳ መከራከር ይከብድሃል።

«በፈቃዴ ልለቅ ነው። የሥራ ልምድ ወረቀት አንሰጥም አሉኝ።»

የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የሥራህ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህና ደመወዝህ ይጻፍበታል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያህን በጽሑፍ ስጥና ቅጂው ላይ አስፈርም፤ ወረቀቱን በዚያው ደብዳቤ ጠይቅ። «ሠራተኛ» ብቻ ብለው ከጻፉልህ መልስላቸው፤ ብየዳ ከሆነ ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ከሆነ እሱው ይጻፍ።