አምቡላንስ ላይ በነፃ ልሥራ ብላችሁ ለምትጽፉልኝ ልጆች

ሰላም ልጆቼ። ክረምት ሲቃረብ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ፣ አንዳንዴም ከካናዳ፣ ከቶሮንቶ መልእክት ይደርሰኛል። «ኢኤምቲ (የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን) ነኝ፣ ሰርተፊኬት አለኝ፣ አገር ቤት መጥቼ አምቡላንስ ላይ ላገልግል» ትላላችሁ። ደስ ይለኛል፣ የምሬን ነው። የነርስነት ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በድንገተኛ ክፍልና በአምቡላንስ ላይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። (አማርኛ ማንበብ የሚከብዳችሁ እናታችሁ ታንብብላችሁ። እሷም ብትሰማው አይከፋም።)

መጀመሪያ የማይጥማችሁን ልንገራችሁ። እዚህ ስትመጡ የውጭ ሰው ናችሁ። ስማችሁ ሐበሻ መሆኑ አምቡላንስ ውስጥ ብዙም አይጠቅምም። አቋራጩን አታውቁም። የትኛው ሆስፒታል ዛሬ አልጋ እንዳለው አታውቁም። ከበሽተኛው ጋር ተጋፍተው ከሚገቡት ዘመዶች ማንኛው እሺ ካለ ነገሩ እንደሚያልቅ አታውቁም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። ስለዚህ ከሐኪሙም ከኃላፊውም በፊት ከእሱ ጋር ተግባቡ።

ለእርዳታ ወደዚህ አገር ሲመጣ እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ለጦሩ ሕክምና የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል አልነበረም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ራሱ ገና በሐምሌ 1927 ነው የተቋቋመው። ስዊድኖች፣ እንግሊዞች፣ ኖርዌዮች፣ ሆላንዶች፣ ግብፆች የሕክምና ቡድን ይዘው ደረሱልን። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የዶክተር ሂላንደር የስዊድን ቡድን በአውሮፕላን ተደበደበ። የቀይ መስቀሉ ምልክት አላዳናቸውም። ረዳቱ ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ። ስሙ ዛሬም ይነሳል። እዚያው ድንኳን ውስጥ ተኝተው ያለቁትን የእኛን ቁስለኞችስ በስማቸው የሚጠራቸው ማን ነው?

በዚያው ሰሞን ደጋሃቡር ላይ ዶክተር ሆክማን የሚባል አሜሪካዊ ያልፈነዳ ቦምብ ሲፈታ ፈንድቶበት ሞተ። ጎበዝ ሐኪም ነበር። ቦምብ መፍታት ግን የሐኪም ሥራ አይደለም። እናንተንም እዚህ ስትደርሱ ከሥራችሁ ውጪ ያለ ነገር ይጠራችኋል። ሰው የጎደለበት ቦታ ሁሉ ይጠራል። «ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ይችላል» የሚል ሰው አይጠፋም። አልችልም ማለት ተለማመዱ።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን የእንግሊዙ ዶክተር ጆን ሜሊ ነው። ቡድኑ ቆረም አካባቢ በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉትን ሲያክም ቆይቶ በየካቲት 25 በቦምብ ተመታ። ሜሊ ያን አመለጠ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ንጉሡ ከአገር ሲወጡ አዲስ አበባ በዘራፊ ተጥለቀለቀች። እሱ መኪና ይዞ ቁስለኛ ሊያነሳ ወጣ፣ መንገድ ላይ በጥይት ተመታ። ያረፈው ልክ ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ቀን፣ ሚያዝያ 27 ነው።

ስለ ሜሊ ሳስብ ሁለት ልብ ነኝ። እንደ ሰው ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ እነሳለታለሁ። እንደ አስተማሪ ግን ተማሪዬ ያን ቢያደርግ አልምረውም። የኢኤምቲ ኮርስ የመጀመሪያ ትምህርት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቦታው ሰላም መሆኑን ሳታይ አትውረድ ነው። ይህ ትምህርት ስለ ራሳችሁ ነፍስ ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። መኪና ውስጥ ብቻችሁን አይደላችሁም። እናንተ «እንግባ» ስትሉ ሾፌሩም ይገባል። እናንተ ፓስፖርት አላችሁ፣ ነገሩ ቢበላሽ ኤምባሲ ይፈልጋችኋል። እሱ ልጆቹ ሰፈር ውስጥ ናቸው። በእንግዳ ፊት ፈራሁ ማለትም ያፍራል። በሰኔ 2013 ትግራይ ውስጥ የተገደሉትን የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሦስት ባልደረቦች አስታውሱ። አንዷ ስፔናዊት አስተባባሪ ነበረች። ሁለቱ የአገሩ ልጆች ነበሩ፣ አንዱ ረዳቷ፣ ሌላው ሾፌር። እነሱ ተሳሳቱ ማለቴ አይደለም፣ በፍጹም። መኪና ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ልብ እንድትሉ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። እናንተ የሰለጠናችሁት ለልብ ድካም፣ ለሱስ፣ ለወደቁ አዛውንት ይሆናል። እዚህ፣ በተለይ ከከተማ ወጣ ስትሉ፣ አምቡላንስ ማለት በአብዛኛው የወላድ መኪና ነው። ለየወረዳው ሲታደል ዋናው ዓላማ እናቶች ቤት ውስጥ እንዳይሞቱ ነበር። ብዙ ጊዜ ከሾፌሩ ሌላ ባለሙያ አብሮ አይወጣም። መኪናው የማይደርስበት መንደር ጎረቤት ወላዷን በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ያደርሳታል፣ ያውም ሰዓታት ተጉዞ። ስትደርስ ልጁ ወጥቶ ደሙ አልቆም ብሎ ሊሆን ይችላል። ማህፀኗን ከሆዷ በላይ አሽታችሁ እንዲኮማተር ማድረግ ትችላላችሁ? ፊኛዋ ሙሉ መሆኑን ታያላችሁ? የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ እትብቱን አለመጎተት ታውቃላችሁ? በኮርሳችሁ ውስጥ ወሊድ ትንሽ ቦታ ነው ያለው። ከመምጣታችሁ በፊት ማዋለጃ ክፍል ገብታችሁ አዋላጅ ነርስ አጠገብ ቁሙ። ቀጥሎ የሚያጋጥማችሁ የመኪና አደጋ ነው። እሱን ደም ማቆምና አንገት መያዝ ካወቃችሁ ትወጡታላችሁ።

ስለ ፈቃድ አጭር ነው፤ የሙያ ፈቃድ ሳታወጡ በሽተኛ አትነኩም። ዘመድ ጤና ቢሮ ውስጥ አለን አትበሉኝ።

«ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያለኝ» ለምትሉ፣ አምቡላንስ ላይ አትውጡ። በሁለት ሳምንት መንገድ እንኳ አይለመድም። የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ ጥሪ ስልክ፣ 907ን፣ የሚያነሳውን ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ አንድ ቀን አድምጡ፣ ከዚያ ለሾፌሮች ደም ማቆምን አስተምሩ። ማን ምን መማር እንደሚፈልግ ግን እነሱ ይንገሯችሁ። ሻንጣ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አትጨምሩ፤ ጓንትና የደም ማቆሚያ ማሰሪያ ይበቃል።

እስከዚያው እዚያው ያላችሁበትን አትናቁ። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩባቸው የአምቡላንስ ጣቢያዎች አሉ። 911 ደውለው የሚያማቸውን በእንግሊዝኛ መናገር የሚያቅታቸው የእኛ አባቶችና እናቶችም እዚያው ሰፈር ናቸው። ጣቢያው ሄዳችሁ ተመዝገቡ፣ አንድ ዓመት ሠርታችሁ እንደገና ጻፉልኝ። ያኔ ከየትኛው ሾፌር ጋር እንደማገናኛችሁ እነግራችኋለሁ።